የፉጣው ፎቅ ቆጣሪ

ስደተኛ በሚያድርበት ቤት ሁሉ፣ ቤቱ ከሦስት ሰው በላይ ከያዘ፣ አንድ የበሰለ ሰው አይጠፋም። ማንም አልመረጠውም፤ በራሱ ጊዜ ነው የበሰለው። እናንተ ከሥራ ገብታችሁ ጫማችሁን ስታወልቁ እሱ ባሕርያችሁን ያጠናል። ራሴን አመመኝ ብትሉት ኪኒን አይሰጣችሁም፤ ከሕመሙ ምን እንደተማራችሁ ይጠይቃችኋል። ምንም አልተማርኩም ካላችሁ ደግሞ ገና ያማችኋል ማለት ነው።

አገር ቤት እንዲህ ያለው ሰው ክራቫት አስሮ፣ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ትኬት ያስቆርጣል። ሪያድ ውስጥ ግን አዳራሹም ተሰብሳቢውም እኛው ነበርን፤ ፉጣ በሚባል ሰፈር በአንድ አሮጌ ቤት ፍራሽ ለፍራሽ ገጥመን የምንተኛ ወንዶች። የእኛ የበሰለ ሰው ክቡር ጋሽ ሙሀባው ይባላል። ክቡር የምለው እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ የሚሉትን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ጋሽ ሙሀባው የሐይቅ ሰው ነው። ዑለያ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ሻይ ያቀርባል። በሕንፃው ላይኛው ክፍል የሥልጠና አዳራሽ አለ። ትላልቅ ሙዲሮች፣ የመሥሪያ ቤት አለቆች፣ ነጫጭ ለብሰው ይመጣሉ፤ ጉንጩ ላይ ማይክ የለጠፈ አሠልጣኝ ደግሞ ሰው እየበሰለ ሄዶ እንዴት ዓላማ ያለው መሪ እንደሚሆን ያስረዳቸዋል። ሙዲሮቹ ስልካቸውን ይነካካሉ። ጋሽ ሙሀባው ፔርሙሱን አቅፎ ከኋላ ቆሞ ያዳምጣል። አረብኛው የኩሽናና የመንገድ አረብኛ ስለሆነ ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ከራሱ ይሞላል። ለእኛ ይዞልን ከሚመጣው ትምህርት የትኛው የአሠልጣኙ፣ የትኛው የእሱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

የትምህርቱ ዋና ነገር፣ ሰው ማለት ሕንፃ ነው። ሁላችንም የምንወለደው ምድር ቤት ነው። ምድር ቤት ያለ ሰው ብርጭቆ ሲሰበር "ማን ሰበረው?" ይላል እንጂ "ማን ያንሣው?" አይልም። አንደኛ ፎቅ ያለው ኩርፊያ ያበዛል፤ የተነገረው ሁሉ ስለ እሱ የተነገረ ይመስለዋል። ሁለተኛ ፎቅ ያለው ሲያዩት መልካም ነው፤ ዘወር ሲሉ ይወርዳል። ሦስተኛ ፎቅ የደረሰ ግን ማንም ሳያየው መልካም ይሠራል። ከዚያ በላይ ያሉትን ፎቆች ጋሽ ሙሀባው በዝርዝር አስረድቶን አያውቅም፤ ለእኛ አስፈላጊ ሆነው አላገኛቸውም። መጨረሻ ላይ ሰገነቱ አለ። ሰገነቱ ላይ የወጣ ሰው ስለ ራሱ ማሰብ አቁሞ ሌላውን ይመራል።

"አሁን ሰገነቱ ላይ ማን አለ፣ ጋሼ?" ብሎ ጠየቀው አንድ ቀን ከእኛው አንዱ፣ ነቢል።

"የውሃ ታንከር" አለ ኃይሌ ፍራሹ ላይ እንደተጋደመ።

ኃይሌ ለዚህ መልሱ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ጋሽ ሙሀባው ሰው ሲያወርድ አይቆጣም፤ እያዘነ ነው የሚያወርደው። ዓይኑን ጨፈን ያደርግና "ወንድሜ፣ ይሄ የስንተኛ ፎቅ ንግግር ነው?" ይላል። የወረደው ሰው ይቅርታ ብሎ ቶሎ ልመለስ ቢል አይሆንለትም። "አሳንሰር የለውም። በደረጃ ነው" ይባላል። እነዚህ ሁለት ቃሎች በቤታችን ከሰላምታ ይበልጥ ይነገሩ ነበር።

መጸዳጃ ቤታችን አንድ ነው። ጠዋት ሁሉም ለሥራ ሲጣደፍ ሰልፉ ኩሽና ይደርሳል። ጋሽ ሙሀባው በሩ አጠገብ ቆሞ፣ የበሰለ ሰው ማንኛውንም ነገር ከመጀመሩ በፊት ዓላማውን ማወቅ እንዳለበት ያስተምራል። አንድ ጠዋት እግሩን አጣምሮ የቆመውን ነቢልን ያዘው። "ወንድሜ፣ ዓላማህ ምንድን ነው?"

"ኧረ በአላህ ጋሼ፣ ዓላማዬ ሊያመልጠኝ ነው!"

ጋሽ ሙሀባው ያን ቀን በጣም ደስ ብሎት ወደ ሥራ ሄደ። ዓላማውን ሳያመነታ የተናገረ ሰው ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ከዑለያ ደግሞ የተጣለ ነጭ ሰሌዳ አገኘ። ሚኒባሱ አላስገባም ቢለው በጀርባው አዝሎ በዚያ ፀሐይ እስከ ፉጣ በእግሩ መጣ። ቤታችን ውስጥ ባዶ ግድግዳ የነበረው ከምድጃው በላይ ብቻ ስለሆነ እዚያ ሰቀለውና "ራእያችን" ብሎ ጻፈበት። ሩዙ ሲፈላ እንፋሎቱ ራእያችንን ያጥበዋል። ጠዋት እንደገና ይጽፋል፤ ማታ ይታጠባል። አንድ ሰሞን የማብሰል ተራ የደረሰው መሐሙድ ባገኘው ማርከር ከሥሩ "ሽንኩርት አልቋል" ብሎ ጻፈ። ማርከሩ የማይለቅ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በቤታችን ሳይጠፋ የኖረው ራእይ ይኸው ብቻ ነው።

የአሚሩ ምርጫም ነበር። ሰው በአንድነት ሲኖር አንድ አሚር መሾም የኛ ወግ ነው፤ ተራ የሚያስጠብቅ፣ ጠብ የሚያበርድ። ጋሽ ሙሀባው ይህንን ወግ ሊያሻሽል ተነሣ። አሚር የሚሆነው በሳምንቱ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የበሰለው ሰው ይሁን አለ። ተስማማን። ቀጥሎም መሪነት ማለት አገልግሎት ስለሆነ የሳምንቱን ድስት ሁሉ የሚያጥበው አሚሩ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው መብሰል አልፈለገም። ምርጫው ሲቃረብ ሰላማዊ የነበረው ሁሉ ይበጠብጣል። መሐሙድ፣ ያ ጨዋ ሰው፣ አንድ ሐሙስ ምንም ሳንነካው ተነሥቶ ትራሱን በመስኮት ወረወረ። ኃይሌ በተኛበት ይሳደባል። ድስቱን ሁሌም የሚያጥበው ጋሽ ሙሀባው ሆነ፤ እኛን ከምድር ቤት ለማውጣት ብዙ ሥራ እንደቀረው ለራሱ እያወራ ያጥባል።

የኃይሌና የነቢል ጉዳይ ግን ከሁሉ ይብሳል። ኃይሌ ሙቀት አይችልም። ነቢል ደግሞ የባቲ ቆላ ልጅ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ሲከፈት ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። በዚያ በሐምሌ እሳት "ክፈተው፣ ዝጋው" ሲሉ ተያያዙ። ጋሽ ሙሀባው መሐላቸው ገባ። "የበሰለ ሰው በሌላው አፍ መናገር ይችላል" አለና ኃይሌ ነቢልን ሆኖ፣ ነቢል ኃይሌን ሆኖ እንዲከራከሩ አዘዘ። ኃይሌ ስለ ብርዱ ሲያስረዳ እንባው መጣ። ነቢልም ስለ ሙቀቱ ሲናገር ሸሚዙን አውልቆ ጣለ። አጨበጨብን። ችግሩ፣ ሁለቱም ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። ሙቀቱ እስኪያልፍ ድረስ ኃይሌ ላብ እያጠመቀው "ዝጉት፣ በረደኝ" ይላል፤ ነቢል ብርድ ልብስ ተከናንቦ "ክፈቱት፣ ተቃጠልኩ" ይላል። እኛ መሐል የተኛነው አበድን። ጋሽ ሙሀባው ሁለቱንም አንዳንድ ፎቅ ከፍ አደረጋቸው።

ጋሽ ሙሀባው አለቃውንም አልማረም። "ሙዲር፣ አንተ ጥሩ ሰው ነህ፤ ግን ያለኸው አንደኛ ፎቅ ነው" ብሎት መጣ። አለቃውም እሱን በበኩሉ ወደ ምድር ቤት፣ ወደ መኪና ማቆሚያው አወረደው። "መሪ የሚጀምረው ከታች ነው" አለን ሲገባ፤ ጫማው የመኪና ዘይት ይሸታል። ደግነቱ የሌላ ሰው ሻይ ለሙዲሮቹ አልጣማቸውም፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ላይ ጠሩት።

እንግዲህ የእኔ የሳቢር የትዳር ዕድል የወደቀው በዚህ ሰው እጅ ነው።

የምወዳት ሪሃና ሱወይዲ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ያን ጊዜ፣ በ2007 መሆኑ ነው፣ ኮንትራቷ ሊያልቅ ተቃርቧል። አገሯ ከገባች አባቷ ለአንድ የከሚሴ ነጋዴ ሊድሯት አስበዋል። ነጋዴው ሱቅም፣ በቅሎም፣ ጢምም አለው። እኔ ባጥሃ ገበያ የስልክ መሸፈኛ ነው የምሸጠው። ከመሄዷ በፊት ሽማግሌ ልኬ አባቷን እሺ ካላሰኘሁ ሪሃናን አጣለሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሪያድ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም፤ ሽማግሌ ብቻ አይገኝም። በ2006 ኅዳር ያ ሁሉ ሰው በተርሂል፣ በማባረሪያው ማጎሪያ፣ በኩል ወደ አገሩ ሲሸኝ አዛውንቶቻችንም አብረው ሄደዋል። የቀረነው ጎረምሳው ነን። ሽበት ያለው ሰው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ካለው ሰው እኩል ይፈለግ ነበር፤ በኛ ሰፈር ደግሞ ሽበት ያለው ጋሽ ሙሀባው ብቻ ነው። ኃይሌ ግማሹ ሽበት አይደለም፣ ጣሪያ ሲቀባ የነካው ኖራ ነው ይላል። ቢሆንም ከሩቅ ሲያዩት ሽበት ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ሄጄ ለመንኩት።

"ጋሼ፣ የፈለግኸውን ተናገር። ፎቅ ብቻ እንዳትጠራብኝ።"

"አብሽር፣ አይዞህ። የበሰለ ሰው አፉን ያውቃል" አለኝ።

መሐሙድ አፈኛ ስለሆነ ተናጋሪ ተደረገ። ኃይሌ ክርስቲያን ነው፤ ግን ሽማግሌ ሲላክ እኛ ዘንድ ሃይማኖት አይለይም፣ ደግሞም ደህና ኮት ያለው እሱ ነው። ጋሽ ሙሀባው ለሽበቱ ሄደ። በወጉ መሠረት የሚያገባው ሰው ሽማግሌዎቹን አይከተልም። እኔ ተከተልኩ። የሪሃና አክስት የእትዬ ኡሙልኸይር ቤት ሱወይዲ ውስጥ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስቱ ሲገቡ እኔ ከበሩ ዝቅ ብሎ ደረጃው የሚዞርበት ጋ ተቀመጥኩ። በሩ በጫማ ብዛት አልገጠመም። የሪሃና አባት አባባ ይመር ከአገር ቤት በስልክ ነው የሚያዳምጡት፤ ስልኩ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፍቷል። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ሁሉም ሰው ይጮኻል። የእኔን ጉዳይ ሕንፃው በሙሉ ሰምቶታል።

መሐሙድ ጀመረ። "አባባ፣ ልጃችን ሳቢር ወርቅ ነው! አይዋሽም፣ አይቆጣም፣ ሶላት አያሳልፍም። ወላሂ በሪያድ ከተማ እንደሱ ያለ ልጅ የለም!"

ስልኩ ትንሽ ተንኮሻኮሸ። "ታላቋን ልጄን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎችም እንዲሁ አሉኝ" አሉ አባባ ይመር። "ወርቅ ነው አሉኝ። ወርቁ ዓመት ሳይሞላ ጥሏት ጠፋ። እኔ ሁለተኛ ወርቅ አልፈልግም።"

እትዬ ኡሙልኸይር "በሉ እንግዲህ፣ ሻያችሁን ጠጡ" አለች። ጠጥታችሁ ሂዱ ማለቷ ነው። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሪሃና ወንድም ነስሩ ሰውየው ውሃ ፈልጎ መስሎት "ውሃ ላምጣ?" ሲል ሰማሁት። እኔ ግን ያንን የጉሮሮ አጠራረግ አውቀዋለሁ። ጋሽ ሙሀባው ትምህርት ሲጀምር ነው እንደዚያ የሚጠርገው።

"አባባ፣ ልጁ ሁለተኛ ፎቅ ነው!"

"ምን አልክ?"

"ሁለተኛ ፎቅ ነው ያለው!"

"ቤት ተከራየ?"

"ኧረ ባሕርዩን ነው!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው! ጋሽ ሙሀባው ከምድር ቤት ጀምሮ ፎቁን ሁሉ ለአባባ ይመር በጩኸት አስረዳ። ቀጥሎ ወደ እኔ መጣ። "ሰው ሲያየው መልካም ነው፣ ዘወር ሲሉ ይወርዳል። ሲርበው ያኮርፋል። የማብሰል ተራው ሲደርስ ራሱን ያመዋል። አንዴ ሩዝ አሳርሮ ድስቱን ነው የወቀሰው። ከልጅዎ ጋር በስልክ ተጋጭቶ ሰሌዳዬን በቡጢ መታው፤ ሰሌዳው ደህና ነው፣ እጁ ግን አበጠ። በር ሲንኳኳ ፖሊስ መስሎት ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል።"

ሁሉም እውነት ነው። በር ሲንኳኳ ብርድ ልብስ ውስጥ የማይገባው እሱ ብቻ ነበር፤ የሚከፍተውም እሱ ነው፤ ለምን ሁሌ እሱ እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። በዚያች ሰዓት ግን ይህ ትዝ አላለኝም። አንድ ግብፃዊ ጎረቤት ዳቦ ይዞ ሲወጣ ደረጃው ላይ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ አገኘኝ። አንድም አማርኛ አያውቅም፤ ግን ራሱን ነቅንቆ አንድ ዳቦ ሰጠኝ።

"እና እንዲህ ላለ ሰው ልጄን ለምን እሰጣለሁ?" አሉ አባባ ይመር።

"አምና ምድር ቤት ነበር፣ አባባ። ልጅዎን ካወቀ ወዲህ ነው ሁለት ፎቅ የወጣው። አሳንሰር የለውም፤ በደረጃ ነው የወጣው። ሲወጣ አይቻለሁ።"

አባባ ይመር ቀስ ብለው ጠየቁ። "መልካም። ልጄን ቢበድልብኝ ማንን እይዛለሁ? ዋሱ ማን ነው?"

"አላህ ነው ዋሱ፣ አባባ" አለ መሐሙድ ቶሎ ብሎ።

"አላህማ የሁላችንም ዋስ ነው። ከእናንተ መካከል ማን ነው?"

ወርቅ ነው ያለው መሐሙድ ሻዩን በድምፅ ይምግ ጀመር። ኃይሌም ስልኩ ሳይጠራ "ሃሎ" ሲል ሰማሁት። አልፈርድባቸውም። በኛ አገር ዋስ መሆን ቀልድ አይደለም፤ ልጅቷ ብትከፋ የሚጠየቀው፣ ቤተሰቡም አንገቱን የሚደፋው ዋሱ ነው። እኔን ደግሞ ሁለቱም ያውቁኛል።

"እኔ ነኝ" አለ ጋሽ ሙሀባው። "ሙሀባው እባላለሁ። ቤተሰቦቼ ሐይቅ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ናቸው፤ ስሜን ጠርተው ቢጠይቁ ማንም ያሳይዎታል። ልጅቷ ብትከፋ እኔን ይያዙ።"

ዳቦው እጄ ላይ ቀረ።

"አንተስ ልጄ፣ ስንተኛ ፎቅ ነህ?" አሉት አባባ ይመር።

ይህንን ጥያቄ ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም። ለካ እሱም ተጠይቆ አያውቅም። "እኔማ፣ አባባ…" አለና ቆመ። "እኔማ ስወጣ ስወርድ ነው የምውለው።"

አባባ ይመር ሳቁ። ሳቃቸው መስመሩን አልፎ፣ በጫማው ክምር ላይ አልፎ እኔ ዘንድ ደረሰ። "እኔም እንዲያው ነኝ፣ ልጄ። በሉ ዱዓ አድርጉ። ልጁንም ጥሩትና ድምፁን ልስማው" አሉ።

ነስሩ ልደውልለት ሲል ጋሽ ሙሀባው "ተወው፣ እኔ እጠራዋለሁ" ብሎ ወጣ። እኔ ደረጃው ላይ መሆኔን ያውቅ ኖሯል። አልተደነቀም፤ ከሁለተኛ ፎቅ ሰው ከዚህ የተሻለ አይጠብቅም። በደረጃው ጨለማ ግድግዳውን እየያዘ ወረደና አጠገቤ ቁጭ አለ፤ ጉልበቱ ደረጃ አይወድም። ስንት ነገር ልለው አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ድስቱ፣ ስለ ሰሌዳው፣ ስለ ብርድ ልብሱ የምለው ነበረኝ። ሁሉንም ተውኩት። ወደድኩት። እንደ አባት ነው የወደድኩት። ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩት፤ ሱሪው የሻይ ቅጠልና የወለል ሳሙና ይሸታል።

"አይ፣ አይ፣ የሰው ቤት ደጅ ላይ…" አለና ራሴን ዳሰሰኝ። ቆይቶ "ማንም ሳያይህ ሳምከኝ" አለ። "ይሄ የሦስተኛ ፎቅ ሥራ ነው።"

ቀና ስንል ነስሩ ከላይ በበሩ ክፍተት አንገቱን አውጥቶ ያየናል።

ጋሽ ሙሀባው ጥቂት አሰበ። "ሁለት ተኩል" አለ።

"ሁለት ተኩል የሚባል ፎቅ የት አለ፣ ጋሼ?"

"ይኸው የተቀመጥንበት ነዋ" አለና በትከሻዬ ተደግፎ ተነሣ። "ያላ፣ ውጣ። ሰው አታስጠብቅ።"